ላሊበላና ጎንደር በአየር ጎረቤት ናቸው

ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚሠራው ኪው 400 አውሮፕላን ይህን በግማሽ ሰዓት አካባቢ ይጨርሰዋል። ሆኖም ገናን ላሊበላ አሳልፎ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር የሚነሣ ሰው ትኬት ሲጠይቀኝ፣ ብዙውን ጊዜ የማገኝለት መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው ነው። ከላሊበላ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር 420 ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ 750 ይሆናል። ጎረቤት ለመድረስ ከአራት እጥፍ በላይ ይበራል። ቦሌ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሳልፈው ሰዓት ገና አልተቆጠረም።

ይህ መስተካከል ያለበት፣ ሊስተካከልም የሚችል ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ላቮን ሐይቅ አጠገብ ባለችው ዋይሊ ነው። ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነው። ደንበኞቼ የጋርላንድ፣ የሪቻርድሰን፣ የፕላኖና የዚሁ የዋይሊ ሐበሾች ናቸው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ስለሆነ የሰሜኑን መንገድ በአውቶቡስ ተጉዤበት አውቀዋለሁ። በየዓመቱ መስከረም ከጠባ በኋላ ስልኬ ማረፍ ያቆማል። ሰው ልጆቹን አገር ለማሳየት፣ ስለት ለማግባት፣ የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ ይነሣል። ከሚጠየቁት መንገዶች ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣው ይኸው ነው፤ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ፣ ጥር 11 ጎንደር። በሁለቱ በዓላት መካከል 12 ቀን አለ። ለአንድ የውጭ አገር ነዋሪ የዓመት ፈቃድ ከዚህ የተሻለ የተገጣጠመ ጊዜ አይገኝም።

ኅዳር ላይ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ከልጃቸው ጋር ቤቴ መጡ። ፓስፖርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዙሬ መንገዱን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከዳላስ–ፎርት ዎርዝ ዋሽንግተን ደለስ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከደለስ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ አንድ ሰዓት። ይህን ሁሉ «ይሁን፣ እግዜር ያበርታኝ» እያሉ ተቀበሉት። ከላሊበላ ወደ ጎንደር ስንደርስ ግን «ቆይ ልጄ» ብለው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ከላሊበላ ጎንደር ለመሄድ አዲስ አበባ ምን ላደርግ እመለሳለሁ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ለጎልማሳ መንገደኛ ቦሌ ላይ አራትና አምስት ሰዓት መጠበቅ ቢያሰለች ነው። ጉልበታቸው ለደከመ እናት ግን ከአንድ በረራ ወደ ሁለት በረራ መሄድ ማለት ሁለት ጊዜ ዊልቸር መጠበቅ፣ ሁለት ጊዜ በፍተሻ ማለፍ፣ ሁለት ጊዜ ጫማ ማውለቅና ሁለት ጊዜ የኪው 400ን ጠባብ መሰላል በሰው ክንድ ተደግፎ መውጣትና መውረድ ነው። ልጃቸው በመኪና መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። መንገዱ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ዞሮ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ባለበት ሁኔታ ደግሞ እናቱን በዚያ መንገድ ውሰድ ብዬ ልመክረው አልደፈርኩም። በመጨረሻ ጎንደርን ከዕቅዳቸው አወጡ። ጎንደርም እኚህን እናት ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው የሚሄዱትን ልጅና የልጅ ልጆች አጣች፤ የሆቴሉ፣ የታክሲውና የአስጎብኚው ገቢ አብሮ ቀረ።

የሁለት ከተሞችን የካርታ ርቀት የሚለውጥ የለም። መንገደኛው የሚያየው ርቀት ግን በሰው ውሳኔ ይረዝማል፣ በሰው ውሳኔም ያጥራል። ሁለቱ ከተሞች የዓለም ቅርስ ሆነው የተመዘገቡት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው፤ ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979። ጥምቀትም እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የቤተ ማርያሙን ቤዛ ኩሉ ሰምቶ በ12ኛው ቀን የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላይ መገኘት ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ትዝታ ነው። ይህን ያህል የሚቀራረቡ ሁለት በዓላትን በ750 ኪሎ ሜትር ዙር መለያየት ለእንግዳውም ለከተሞቹም ኪሳራ ነው።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የ13 ወር ፀጋን ለዓለም ባስተዋወቁበት ዘመን «የታሪክ መስመር» የሚባለው የጉዞ ዕቅድ አብሮ ተወለደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በሰንሰለት አያይዞ ይበር ነበር፤ መጀመሪያ በዲሲ 3፣ በኋላም በፎከር 50። አውሮፕላኑ ከአንዱ ከተማ መንገደኛ አውርዶ፣ ሌላ ጭኖ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እንግዳው ጠዋት ጣና ዳር ቁርሱን በልቶ ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ ይደርስ ነበር። የዛሬዎቹ ኪው 400ዎች ከእነዚያ ይበልጥ ፈጣኖች ናቸው፤ ከ70 ሰው በላይ ይይዛሉ። አውሮፕላኑም ልምዱም በእጃችን አለ።

እኔ በምኖርበት በቴክሳስ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። ሳውዝዌስት የሚባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲመሠረት ሐሳቡ ዳላስን፣ ሂዩስተንንና ሳን አንቶኒዮን በቀጥታ በረራ ማገናኘት ነበር። ብራኒፍና ሌሎች ነባር አየር መንገዶች ገበያው ለአዲስ ገቢ አይበቃም ብለው ከሰሱት። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ የመጀመሪያው በረራ የተደረገው በ1971 ነው፤ የጀመረውም በሦስት ቦይንግ 737 ነው። በ1972 ገንዘብ አጥሮት፣ አራት ከደረሱት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ። የበረራ ፕሮግራሙን ግን አልቀነሰም፤ አውሮፕላን መሬት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ አሥር ደቂቃ አውርዶ የአራቱን ሥራ በሦስት ሠራ። ዛሬ ከዳላሱ ለቭ ፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሂዩስተኑ ሆቢ 385 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ይጻፋል፤ በረራው ጠዋትም ከሰዓትም ማታም አለ።

ልብ በሉ፤ በዳላስና በሂዩስተን መካከል ሰፊ አውራ ጎዳና አለ፤ አራት ሰዓት ቢነዱ ይደረሳል። የላሊበላና የጎንደር ሰው ይህ አማራጭ የለውም። መንገዱ የጉናን ተራራ ዞሮ፣ ደጋውን ወጥቶ፣ ገደሉን ወርዶ የሚሄድ ነው። አውሮፕላን ለቴክሳስ ሰው ምቾት ነው፤ ለላሊበላና ለጎንደር ሰው ግን አስፈላጊ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ ቀጥታ መስመሩን ያገኘው ምቾት ፈላጊው ነው።

በዚሁ በዳላስ ተቃራኒው ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 የጸናው የራይት ማሻሻያ የሚባለው ሕግ አዲሱን የዳላስ–ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከፉክክር ለመጠበቅ ሲባል ከለቭ ፊልድ የሚነሡ ትልልቅ አውሮፕላኖች ከቴክሳስና ከአራት አዋሳኝ ግዛቶች እንዳያልፉ ከለከለ። ከዚያ አልፎ የሚሄድ መንገደኛ በመንገድ ላይ ወርዶ ሌላ ትኬት ለብቻው እንዲቆርጥ ተገደደ። አውሮፕላኑም አብራሪውም ነዳጁም ነበሩ፤ ርቀቱን ያስረዘመው ሕግ ነው። ገደቡ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከለቭ ፊልድ ወደ ሩቅ ከተሞች ቀጥታ መብረር ተቻለ። ሰው የዘጋውን መንገድ ሰው ከፈተው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ክርክር ልምጣ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። አየር መንገዱ በረራዎቹን አዲስ አበባ ላይ የሚሰበስበው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። በአገር ውስጥ ከ20 በላይ መዳረሻዎች አሉ። 20 ከተሞችን እያንዳንዳቸውን ከእያንዳንዳቸው ጋር በቀጥታ ለማገናኘት 190 መስመር ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ከአዲስ አበባ ጋር ለማገናኘት ግን 20 ይበቃል። ከላሊበላ ጎንደር ብቻ የሚሄድ ሰው በዕለቱ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከዱባይ፣ ከዋሽንግተንና ከጅማ የመጣው ሁሉ ተደባልቆ ወንበሩ ይሞላል። አጭር በረራም በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ውስጥ አውሮፕላኑ ገና ወጥቶ ሳይረጋጋ መውረድ ይጀምራል፤ ነዳጅ የሚበላውም በመውጣት ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። 190 መስመር ይከፈት የሚል ሰው የለም። የምጠይቀው ዙር በረራ ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ የሚመለስ አውሮፕላን በድምሩ 930 ኪሎ ሜትር ይበራል። ሁለቱን ከተሞች ለየብቻ ደርሶ መልስ መብረር ደግሞ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ዙር የሁለት ደርሶ መልስ ወንበር አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁሉም በረራ ወደ ዙር ይቀየር አልልም። በበዓል ሰሞን ከዕለቱ በረራዎች አንዱ ዙር ይሁን፤ በማግስቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዙር። አጭር በረራ ውድ ነው ለሚለውም መልስ አለ። ያው መንገደኛ በአዲስ አበባ በኩል ሲሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ያርፋል፤ የሁለት ረጃጅም በረራ ወንበር ይይዛል። በበዓል ሰሞን ደግሞ እነዚያን ወንበሮች የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። እሱን በአንድ አጭር በረራ ማድረስ ለአየር መንገዱም ይሻላል።

ከበዓሉ ጉዞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ መስመር ደግሞ አለ፤ የኮምቦልቻና የባሕር ዳር። ኮምቦልቻ የደሴ ሰው የሚሳፈርበት ነው፤ ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ ናት። የክልል ቢሮ ጉዳይ ያለው፣ ለሕክምና የተላከ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ፣ ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል። ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች በቀጥታ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ከሚደረገው በረራ የሚበልጠው በጥቂት ነው። በአዲስ አበባ በኩል ግን 585 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመኪና በወልዲያና በደብረ ታቦር ዞሮ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሌሊት ዋይሊ ውስጥ ስልኬ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ለለቅሶ ነው። ደዋዩ ከዚህ እንደማይደርስ ያውቀዋል። በአገራችን ቀብር አይቆይም፤ ዛሬ ያረፈ ሰው ነገ ይቀበራል። የሚጠይቀኝ ስለ ሌላው ነው። «ወንድሜ ባሕር ዳር ነው፤ ነገ ከሰዓት በፊት ደሴ የሚያደርሰው ነገር አለ?» ይለኛል። እኔ ሰዓቶቹን ከሰዓቶቹ ጋር አገጣጥማለሁ፤ የጠዋቱ በረራ አዲስ አበባ ሲያርፍ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ተነሥቶ እንደሆነ አያለሁ፤ ካልተነሣ ከማረፊያው ደሴ ለመድረስ የሚፈጀውን የመኪና ጊዜ እደምራለሁ። ከዚህ በኋላ መልሱን መናገር ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደው ነው። የ270 ኪሎ ሜትር መንገድ ሰውን ከእናቱ ቀብር ማስቀረት አልነበረበትም።

እንዲህ ያለው መስመር ሁልጊዜ በገበያ ብቻ አይቆምም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር ለገበያ ስትለቅ፣ ትናንሽ ከተሞች ከሰማይ ካርታ እንዳይጠፉ መንግሥት ልዩነቱን የሚከፍልበት ፕሮግራም አብራ አቋቋመች። እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ ቪክቶሪያ የምትባለው ከተማ በዚህ ድጎማ በረራ ያገኘች ናት። ትልቁ የገበያ አገር ይህን ካደረገ፣ እኛም የክልሉ መንግሥት፣ የከተማ አስተዳደሮችና የሆቴል ባለቤቶች ለተወሰነ ጊዜ የባዶ ወንበር ዋስትና የሚሰጡበትን መንገድ ማሰብ እንችላለን። መንገድ ለመጥረግና ድልድይ ለመሥራት የሕዝብ ገንዘብ ይወጣል፤ ሁለት ከተሞችን በአየር ማገናኘትም ያው የመንገድ ሥራ ነው።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው የምልበት ምክንያት አለኝ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት የተያዘው ዕቅድ የአገሪቱን በረራ ሁሉ እንደገና ለማሰብ ያስገድዳል። የቦሌ ከፍታ 2,330 ሜትር ያህል ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። ወደ አሜሪካ የሚመለሰው በረራ እንደ ዳብሊንና ሎሜ ባሉ ቦታዎች ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ የኖረውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ላይ የፊት ነፋሱ ተጨምሮ የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው በሰዓታት ይረዝማል። የቢሾፍቱ ቦታ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይህ ችግር ይቃለላል። ለረጅሙ በረራ ይህን ያህል ከታሰበ ለአጭሩም አብሮ ይታሰብ። ከዳላስ ተነሥቶ አንድ ሙሉ ቀን የተጓዘ ሰው የመጨረሻዋን ሰዓት እንዴት ይጨርሳል? የአገር ውስጡ አውሮፕላን ከየት ይነሣል? የክልል ከተሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት መስመርስ በዕቅዱ ውስጥ አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ግንባታው ሳይጠናቀቅ መልስ ያሻቸዋል።

እኛ በውጭ ያለን ሰዎች በበኩላችን የምንችለው ነገር አለ። የአገር ውስጡን ጉዞ ከዋናው ትኬት ጋር አብሮ መቁረጥን ልማድ እናድርግ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ የሚቀጥለውን የሚያስተካክልልን አካል ይኖራል፤ ሻንጣችንም በዓለም አቀፉ ልክ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ፍላጎታችን ይቆጠራል። አዲስ አበባ ገብቶ ትኬቱን ቢሮ ሄዶ የሚቆርጥ ሰው፣ ከላሊበላ ጎንደር ፈልጎ ሲያጣ ሐሳቡን ቀይሮ የሚተው ሰው፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም። አየር መንገድ ደግሞ ያልታየ መንገደኛ አይጭንም። በዳላስ አካባቢ ያለን ትኬት ቆራጮች የደንበኞቻችንን የበዓል ጉዞ ጥያቄ በጋራ አሰባስበን በሐምሌና በነሐሴ፣ ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት፣ ብናቀርብ የሚሰማ ቁጥር ይዘን እንቀርባለን። በዋሽንግተን፣ በአትላንታና በሚኒያፖሊስ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼም እንዲሁ ቢያደርጉ ጥያቄያችን ክብደት ይኖረዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በመጪው ገናና ጥምቀት መካከል ባሉት 12 ቀናት የአዲስ አበባ፣ ላሊበላ፣ ጎንደር ዙር በረራ ይሞከር፤ ቀኑና ሰዓቱ ከወራት በፊት ይታወቅ፣ እኛም እንሸጠዋለን። ሁለተኛ፣ በኮምቦልቻና በባሕር ዳር መካከል በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ቋሚ ቀጥታ በረራ ይኑር፤ የክልሉ መንግሥት ለመጀመሪያው ዓመት ከአየር መንገዱ ጋር ተነጋግሮ ዋስትና ይስጥ። ሁለቱም አዲስ አውሮፕላን መግዛት፣ አዲስ ማረፊያ መሥራት አያስፈልጋቸውም። ሙከራው ካልተሳካ ቁጥሩ ይናገራል፤ ከተሳካ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ከላሊበላ ጎንደር በግማሽ ሰዓት ይደርሳሉ።